የሲምረት እንግዳ

ሲምረት የሟቹ ወንድሜ ልጅ ሚስት ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ ሥጋ ቤቱን ብቻዋን ያዘች። ካዛንቺስ ዋናው መንገድ ላይ ሳለች ሰው ቆሞ ወንበር ይጠብቅ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ፈረሰ። እሷም ወደ ቂርቆስ በሚወስደው የውስጥ መንገድ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ሌላ ቤት ተከራየች። ሰው ግን ከመንገድ የራቀ ሥጋ ቤት ፈልጎ አይመጣም። ከድሮዎቹ ደንበኞች ተከትለዋት የመጡት ሦስት ገበታ የሚሞሉ ብቻ ናቸው። በሦስት ገበታ ኪራይ አይገፋም። እስከ ፋሲካ ካልተሻለ ቤቱን ለአከራዩ መልሳ ሰው ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ልትቀጠር ወስናለች። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን።

እኔ ገብረጻድቃን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። የቀረውን የተማርኩት ሰው ሲበላ በማየት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሲምረት ቤት፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሒሳብ አልይዝም፣ ሥጋ አልቆርጥም። አያለሁ።

ጥር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ሊዲያ መጣች። አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ የሲምረትን ጥሕሎ ቀምሳ ነበር።

"ሲምሪ፣ ስሚኝማ" አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። "ከፊንላንድ የመጣ ሰው አለ፣ ኤርኪ ይባላል። ማለቴ፣ ቱሪስት አይደለም፤ እዚያ ያለው ድርጅት ነው የላከው። ቱሪስቶቹ ማታ የት እንደሚበሉ፣ የት እንደሚጠጡ የሚመርጠው እሱ ነው። ሦስት ቤት ያያል። አንዱ ደምበል አካባቢ ነው፣ አንዱ ቦሌ። ትልልቅ ናቸው፣ መድረክ ምናምን አላቸው። ሦስተኛው አንቺ ነሽ።"

"እኔ?"

"ከመረጠሽ በየሳምንቱ ሐሙስ ሰው አመጣልሻለሁ። በቃ፣ ዓመቱን ሙሉ።"

ሲምረት እጇን በሽርጧ ጠረገች። እጇ ደረቅ ነበር።

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ከነገ ወዲያ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።"

"ሐሙስ ፍስክ ነው" አልኩ።

"እሱማ ታስቦበታል አባባ" አለች ሊዲያ።

ልጅቷ ስትሄድ ሲምረት አጠገቤ መጥታ ቆመች። "አቦይ" አለችኝ። በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፤ ሲጨንቃት ነው እንዲህ የምትለኝ። "ፈረንጅ ማስተናገድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ወጡን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ገበታውን እርስዎ ይያዙልኝ።"

ያዝኩላት። ስህተቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ከሌሎቹ ለይቼ ጥግ አስገባሁ። ነጭ ጨርቅ አለበስኩት። ሹካና ቢላዋ አስቀመጥኩ፣ ሶፍት አጠፍኩ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ አቆምኩ። አንድ ወንበር። ሆቴል ያስተማሩን እንዲህ ነበር። እንግዳ ሲበላ አይታይም፣ አይነካም፣ አይጠየቅም። አስተናጋጅ ከእንግዳ ጋር አይቀመጥም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ደንበኞቹ መግባት ጀመሩ። ሚልዮን ከሁለቱ ሾፌሮቹ ጋር መጣ። ሰንጋ ተራ የሚኖር የሚኒባስ ባለቤት ነው፤ ምላሱ ከሚኒባሶቹ ይፈጥናል። መምህር ቀለመወርቅ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር መጡ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ወይዘሮ እጸገነት ከሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ዓርብ ስለሚጾሙ የሐሙሱን ክትፎ ዘለው አያውቁም።

መሐል ላይ ቆሜ ተናገርኩ።

"ዛሬ የውጭ አገር እንግዳ ይመጣል። ለሲምረት ትልቅ ነገር ነው። ማንም እንዳይጠራው። ማንም እንዳያጎርሰው። ስንት ልጅ አለህ፣ አግብተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር። ጥሬ ሥጋ ፊቱ ላይ አታንጠልጥሉ።"

"መተንፈስ ይፈቀዳል?" አለ ሚልዮን።

"በአፍንጫ።"

"ጋሽ ገብረጻድቃን፣ ሰውዬው ሊበላ ነው የሚመጣው ወይስ ሊመረመር?"

"ሊበላ ነው። አንተም ትተወዋለህ።"

"እተወዋለሁ። ግን ብቻውን የሚበላ ሰው ሳይ እኔን ነው የሚያንቀኝ። ቢያንቀኝ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።"

መምህር ቀለመወርቅ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። "ፊንላንድ ብርዳም አገር ናት" አሉ። "ሐይቅ ይበዛባታል። ሰዎቿ ዝምተኞች ናቸው ይባላል።"

"እንግዲያውስ ከጋሼ ጋር ይግባባሉ" አለች እጸገነት።

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሊዲያ እንግዳውን ይዛ ገባች። ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ ስልሳ ዓመት የሚያልፈው። በሩ ላይ ጎንበስ አለ። ወደ መታጠቢያው ሄዶ እጁን እስከ ክንዱ ታጠበ፣ ቀዶ ጥገና እንደሚገባ ሐኪም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ገበታ አንድ አንድ ጊዜ "ጤና ይስጥልኝ" አለና ያሳየሁት ቦታ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ወደድኩት።

ሊዲያ አብራው አልተቀመጠችም። ድርጅቱ አድልዎ እንዳይኖር ከመራጩ ጋር አብራችሁ አትብሉ ይላል። ስለዚህ ባንኮኒው አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ወጣች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት አየሁ።

"ምንድነው እሱ?"

"ለቱሪስቶች የምናድለው ነው፣ አባባ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚጠጣ። ለኤርኪም ሰጥቼዋለሁ።"

"ምን ይላል?"

ጣቷን እያስኬደች ነገረችኝ። "በቀኝ እጅ ብሉ ይላል። ከፊታችሁ ካለው ብሉ፣ ወደ ሰው ፊት አትሂዱ ይላል። ጉርሻ ሲሰጧችሁ አፋችሁን ክፈቱ። ደግሞ ማዕድ ላይ ከተጠራችሁ እምቢ አትበሉ፣ እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው ይላል።"

"ግማሹ እውነት ነው።"

"የትኛው ግማሽ?"

አልመለስኩላትም። ሲምረት ከጓዳ ትጠራኝ ነበር። ያኔ መልሼላት ቢሆን የሚከተለው ሁሉ ባልሆነ።

ጥሕሎ ተሠርቶ አይቀመጥም። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ እንግዳው ከገባ በኋላ ይለወሳል፤ ከቆየ ይደርቃል። ከዚያ በጣት ድብልብል እየተደረገ፣ ጫፉ ሁለት በሆነ ቀጭን እንጨት እየተወጋ፣ የሥጋ ወጥ ውስጥ ይነከራል። ሲምረት ዱቄቱን እናቷ ከአዲግራት ልካላት ለክፉ ቀን አስቀምጣው ነበር። ዛሬ አወጣችው። ሊጡን እያሸች ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

"ምን እያደረገ ነው?"

"ተቀምጧል።"

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"ፊቱስ ምን ይመስላል?"

"ረጅም ነው።"

ሳቀች። ወደ ሊጡ ተመለሰች። "ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ" አለችኝ።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያ ቤት ጸጥ ሲል ያየሁት መብራት የጠፋ ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ሚልዮን ያወራ ነበር። አሁን ሁሉም ወደ ጥጉ ያያሉ። መምህሩ ጥብሳቸው ቀርቦ እየጨሰ እጃቸውን አልሰደዱም። እጸገነት የክትፎውን እንጀራ ቆርሳ ይዛዋለች። ሚልዮን ሥጋውን ወደ አፉ አድርሶ መለሰው። ሰውዬው ደብተር አወጣ፣ ሁለት መስመር ጻፈ፣ ዘጋው። ውሃ ጠጣ። ጠርሙሱን አዙሮ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። በአማርኛ የተጻፈ ነበር። እሱንም ጨረሰ።

"ይሄ ነውር ነው" አሉ መምህር ቀለመወርቅ በዝግታ። "ሰው ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ እያየ እኛ ልንበላ?"

"ትንሽ ይታገሡ፣ መምህር።"

"አቶ ገብረጻድቃን፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ፊት ሳልጠራ ጎርሼ አላውቅም።" እጃቸውን ወደ ጥጉ ዘረጉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እንብላ።"

ለእኛ ይህ ቃል ቀላል ነው። ለገባ ለወጣው ሁሉ ይባላል። የተጠራው "ብሉ፣ ተባረኩ" ይላል፣ ቦታው ላይ ይቀራል። ጠሪው ግዴታውን ተወጣ፣ ተጠሪው ተከበረ፤ ከወንበሩ የተነሳ የለም። ይህ ግን የሊዲያ ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ሰውዬው ሊዲያን አየ። ሊዲያ ተረጎመችለት። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ቦታ በጣቱ ያዘ፣ አነበበ፣ መልሶ አጠፈው። ከዚያ ተነሳ። ወንበሩን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሄዶ የመምህሩ ገበታ ላይ ተቀመጠ።

መምህሩ ለአንድ አፍታ ዓይናቸው ፈጠጠ። ወንድማቸው ግን ወዲያው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። "ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለ። "የተጠራ የሚመጣ።"

መምህሩ ነቁ። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱት። "አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛ አጎረሱት። "ሁለት ያፋቅራል" ብለው ሦስተኛ ደገሙ። "ይሄ ደግሞ ለሥላሴ ነው።" ሊዲያ ሁሉንም ትተረጉማለች። ሰውዬው ሁሉንም በትዕዛዝ ይውጣል።

"መምህር" አለ ሚልዮን፣ "ፊንላንድን ለብቻዎ ያዟት እንዴ?"

"ሚልዮን" አልኩ።

"ምን አደረግሁ? ካርታ ጠየቅሁ።" ከዚያ ዞር ብሎ "እንብላ" አለ። በጣም ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ሰውዬው መምህሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወንበሩን አነሳ። ወደ ሚልዮን ሄደ።

"አየህ አይደል?" አልኩት።

"እኔ እንብላ ነው ያልኩት፣ ጋሽ ገብረጻድቃን። እግሩ የራሱ ነው።"

እዚያ ገበታ ላይ ቁርጥ ነው የሚበላው። ሚልዮን ሥጋውን በጥርስ ይዞ በቢላዋ ከከንፈር ፊት እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው የሰውዬው አፍንጫ ቦታው ላይ ነበር። ሥጋውን ሚጥሚጣ ነከረው፣ አኘከ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሾፌሮቹ ጃንቦ ድራፍት አስጠጉለት። ሲጠጣ ብርጭቆ አጋጩ፣ ሲያስቀምጥ አጋጩ፣ ዝም ብሎ ሲይዘው ሄደው አጋጩት። አንድ ቃልም አስተማሩት። እየደጋገመ ተለማመደው።

ከዚያ እጸገነት ድራፍት ላከችለት። ሰው መጠጥ ሲላክለት ብርጭቆውን ወደ ላከው ሰው ከፍ አድርጎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ በቃ። እሱ ግን ብርጭቆውን በአንድ እጅ፣ ወንበሩን በሌላው ይዞ ወደ ላከችው ሄደ።

እጸገነት በክትፎ ተቀበለችው። አይብ ጨመረችለት፣ ጎመን ጨመረችለት። ሦስተኛው ጉርሻ ሳያልቅ "ስንት ልጅ አለህ?" አለችው። ሊዲያ እኔን አየችኝ። እጄን አወራጨሁ። ምን እላለሁ?

"ሁለት ሴቶች አሉኝ ይላል" አለች ሊዲያ። "ትልቋ አናጢ ናት።"

"ሴት ልጅ አናጢ? ተባረክ። አግብታለች?"

"አላገባችም ይላል።"

"ምን ሆና?"

"ጊዜ የለኝም ትላለች ይላል።"

"እኔ ጊዜ አለኝ በይው" አለ ሚልዮን ከወዲያ ገበታ። "ቁምሳጥኔም ተሰብሯል በይው።"

ሰውዬው ይህ ሲተረጎምለት የገባውን ያህል ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚልዮን ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ የጎንደር ዘፈን ከፈተ። የሰውዬውን ትከሻ በሁለት እጁ ይዞ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያደርገው ጀመር። ትከሻው እንደ አሮጌ በር ነበር። ቆይቶ ላላ።

ሲምረት ትሪውን ይዛ የወጣችው በዚህ መሐል ነው።

የታጠበ ነጠላዋን አድርጋ ነበር። ወጡ መሐል ላይ ይፈላል፤ ዙሪያውን ድብልብሉ ጥሕሎ ተሰልፏል። ወደ ጥጉ ሄደች። ነጭ ጨርቅ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሰው የለም። ወንበሩም የለም። ዘወር ብላ ፈለገችው። እጸገነት አጠገብ አገኘችው፣ ከንፈሩ በቅቤ ያበራል።

ሰውዬው አያት። ወዲያው ተነሳ፣ ወንበሩን መልሶ አምጥቶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ነው። ሲምረት ትሪውን ፊቱ አስቀመጠችለት። ጥሕሎውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አደረገና እነ ሚልዮን ያስተማሩትን ቃል በጥሩ አማርኛ ተናገረ።

"ጠግቤያለሁ።"

ቤቱ ሳቀ። ሲምረት አልሳቀችም። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ። ወደ እኔ መጥታ ማንም እንዳይሰማት በትግርኛ ተናገረች።

"ቤቴን ሳይቀምስ ሊሄድ ነው፣ አቦይ። ሌላው ሁሉ አጠገበው። ምኔን አይቶ ይመርጠኛል?"

 ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥሕሎ ለብቻ አይበላም። አንዱ ያድቦለቡላል፣ አንዱ ይነክራል፣ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ለጥሕሎ አንድ ወንበር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ለብቻው ሲቀመጥ ሦስቱም ገበታዎች እንደማያስችላቸው እያወቅሁ ጥግ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ሆቴል የተማርኩት ለሆቴል ነበር።

ሌላ ወንበር ጎትቼ መጣሁና ተቀመጥኩ።

ሚልዮን ሙዚቃውን ዘጋ። እጸገነት ባልደረባዋን በክርኗ ነካች። ሹካውንና ቢላዋውን ከፊታችን አነሳሁ። እጄን ታጥቤ ነበር። አንድ ጥሕሎ ከትሪው አንስቼ እንደገና አለዘብኩት፣ በእንጨቱ ወጋሁት፣ ወጡ ውስጥ አዙሬ አወጣሁት። ወደ ሰውዬው አፍ ዘረጋሁ።

ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እጁ አሁንም ሆዱ ላይ ነው።

ሆቴል ሳለሁ እንግዳ እምቢ ካለ ሰሃኑን ማንሳት ነበር ሥራችን። ሁለተኛ አይጠየቅም። ምሎ ማብላት የቤት ነው፣ የእናቶች ነው። እኔ ለልጆቼ እንኳ ምዬ አላውቅም። ግን ሲምረት ከጀርባዬ ቆማ ነበር፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"በሞቴ" አልኩት።

ሰውዬው ሊዲያን አየ። ሊዲያ ተናገረች። ፈገግታው ጠፋ። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መረመረኝ። ዓይኔን አየ፣ አንገቴን አየ፣ የዘረጋሁትን እጅ አየ። እጄ በዕድሜ ይንቀጠቀጣል። ሊዲያን የሆነ ነገር ጠየቃት።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"ያሉትን ነዋ። ካልበላህ ልሙት እያሉ ነው አልኩት።"

"እሱስ ምን ይላል?"

"ታመዋል እንዴ እያለኝ ነው።"

"ታዲያ ምን አልሽው?"

"ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው አልኩታ።"

ሰውዬው ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ለቀቀ። አፉን ከፈተ።

ቀስ ብሎ አኘከ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ እየተሻለኝ እንደሆነ የሚያይ ይመስላል። ዋጠ። መምህሩ "አንድ ያጣላል፣ አቶ ገብረጻድቃን" አሉ ከኋላ። ሁለተኛ ሰጠሁት። ሦስተኛ ሰጠሁት። ከሦስተኛው በኋላ እንጨቱን ከእጄ ወሰደ። ራሱ ወጋ፣ ራሱ ነከረ፣ በጣም ብዙ ነከረ። ወደ እኔ ዘረጋው። ግማሹ ወጥ ሸሚዜ ላይ ወረደ። የቀረውን ጎረስኩ።

"እንኳን ተረፉ" አለ ሚልዮን።

ቤቱ እንደገና ሳቀ፣ በዚህኛው እኔም ነበርኩበት። ሊዲያ ግን ሥራዋን አልረሳችም። ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አውጥታ መጣች። "ኤርኪ ዛሬውኑ መሙላት አለበት" አለች። "ሪፖርት ነው። የቤቱ ምግብ የሚል ቦታ አለው።"

ሲምረት ሽርጧን አስተካክላ ፊት ለፊቱ ቆመች። እንዲያ ደፍራ ያየኋት ጊዜ ጥቂት ነው።

"ሊዲያ፣ እውነቱን ንገሪው" አለች። "የእኔን የቀመሰው ሦስት ጉርሻ ብቻ ነው። በሦስት ጉርሻ ሰው አይመዘንም። ሌላ ቀን ይምጣልኝ። ሳይበላ ይምጣ። ማንም አይጠራውም።"

ሊዲያ ነገረችው። ሰውዬው ግንባሩን ቋጠረ። ነገሩ እንዳልገባው ያስታውቃል። ወደ መምህሩ ገበታ ጠቆመና አንድ ነገር ጠየቀ።

"ያንን ጥብስ ማነው የሠራው ይላል።"

"እኔ ነኛ" አለች ሲምረት።

ወደ ሚልዮን ጠቆመ። "ያንን ሥጋስ ማነው የመረጠው?"

"እኔ። ጠዋት ቄራ ሄጄ።"

"ሚጥሚጣውን?"

"እኔ ነኝ የማስፈጨው።"

"ክትፎውንስ?"

"ክትፎውንም እ..." ሲምረት ቃሉን አልጨረሰችውም።

ሰውዬው ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መቼ እንደጻፈው አላውቅም፤ ገጹ ሞልቶ ነበር። በሌባ ጣቱ እየነካ ለሊዲያ ነገራት።

"ታዲያ እሷ ቤት አራት ጊዜ ነው የበላሁት ይላል" አለች ሊዲያ።

 እውነት ለመናገር ከመካከላችን አንድም ሰው ይህን አላሰበውም። እኛ ዘንድ ማዕድ የጠሪው ነው። የማን ቤት በላህ ሲባል ሰው የጠራውን ነው የሚናገረው፣ ያበሰለውን አይደለም። መምህሩ ጠርተውት የበላው የመምህሩ ነው፣ እጸገነት ያጎረሰችው የእጸገነት ነው። ሲምረት ጓዳ ውስጥ ሆና ለሦስቱም ስታወጣ አምሽታ፣ በእሷ ስም አልቀረበምና አልበላልኝም አለች። እኔም አመንኳት።

መምህር ቀለመወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው በሶፍት ጠረጉ። "አርባ ዓመት አስተማርኩ" አሉ። "ይሄን ፈረንጅ ይንገረኝ?"

"እኔማ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ የራሴ መስሎኝ ነው ስጋብዝ የኖርኩት" አለ ሚልዮን።

ሲምረት ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። መሳቋን ማቆም አቃታት። ጓዳ ገባች፣ እዚያም ስትስቅ ይሰማል።

እንግዳው ለመሄድ አንድ ሰዓት ፈጀበት። በተነሳ ቁጥር የሚሸኝ ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ በወረቀቱ ሕግ እምቢ አይልም። ሚልዮን በሚኒባሱ ሊያደርሰው ተከራከረ፤ ጠጥቶ ነበርና ሊዲያ እሺ አላለችውም። በሩ ላይ ለእኔ ብቻ ለየት አድርጎ ሰገደልኝ። የታመመ ሰውን የሚሰናበት ይመስል ነበር።

ዓርብ መልስ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ሲምረት ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ይዛ ትሠራ ነበር፤ ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ በክርኗ ትዳስሰዋለች። ሰኞ አንድ ጊዜ ጮኸ። የስልክ ካርድ አሸንፈዋል የሚል አጭበርባሪ ነበር። ያን ያህል ስትሳደብ ሰምቻት አላውቅም።

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ጮኸ። ሚልዮን ለብቻው ድራፍት ይጠጣ ነበር። ሲምረት የቀጠረችው ሥጋ ቆራጭ ቢላዋ ይስል ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

"አቤት፣ ሊዲያ" አለች። ከዚያ "እሺ" አለች። "እሺ... ስንት?... በየሳምንቱ?... እሺ።" ዘጋችው። የቅርቡን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ስምንት ሰው" አለችኝ። "ከነገ ወዲያ ጀምሮ፣ ሐሙስ ሐሙስ።"

"ጾሙ ሲገባስ?"

"ሽሮም ተጋቢኖም ይበላሉ ብላለች።"

"ምን ብሎ ጻፈ?"

"አነበበችልኝ። መግቢያው ይጨልማል ብሏል። መጸዳጃው ይጠባል ብሏል። ሁለቱ ቤቶች በሁሉ ነገር ይበልጣሉ ብሏል።" ስልኩን ሽርጧ ኪስ ከተተች። "ከዚያ እንግዶቹ እዚህ ይምጡ ብሏል። ለብቻቸው ጠረጴዛ አይዘጋጅላቸው፣ በየገበታው ይበተኑ ብሏል።"

 መባል ያለበት ተብሏል።

ፊቷን በመዳፏ አንድ ጊዜ ጠርጋ ተነሳች። ወደ ሥጋ ቆራጩ ዞረች።

"ለሐሙስ ከቄራ አንድ ጭን እንጨምራለን" አለችው። "ደህና ሥጋ ያለው።"

ሚልዮን ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ለፈረንጆቹ መሆኑ ነው? እኛ ስንበላ አንድም ቀን አልጨመርሽም።"

"ለእናንተ ነው" አለችው። "እነሱ የሚበሉት ከእናንተ ነው።"